ሬጌ በቤዝ ጊታር፦ ምቱን መያዝ፣ ድምፁን ማቆም

የሬጌ ቤዝ መጫወት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛውን ክር የትኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት ዘንጎች የተከፈለ ቦታ) ላይ እንደሚጫን ነው። መልሱ አጭር ነው። አብዛኛው የሬጌ ቤዝ መስመር ከሦስት እስከ አምስት ኖታ ቢይዝ ነው፤ እነሱም እጅን ብዙ ሳያንቀሳቅሱ የሚገኙ ናቸው። ጊታር የለመደ ሰው ቦታቸውን ለመያዝ ብዙ አይቸገርም። ይጫወታቸዋል፤ ኖታዎቹ ሁሉ ልክ ናቸው፤ ሙዚቃው ግን ሬጌ አልሆነም። የጎደለው ኖታው የሚነሳበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያም ይበልጥ የሚቆምበት ቅጽበት። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ስኬልና ስለ ኮርድ የማነሳው ምቱን ለማስረዳት በሚያስፈልገኝ መጠን ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። በተለመደው መንገድ የተቃኘ ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር፣ ሜትሮኖም፣ ማለትም ምት እየጠበቀ የሚያሰማ መሣሪያ (የስልኩም ይበቃል)፣ ድምፅ መቅጃ፣ እንዲሁም ዝቅተኛውን ድምፅ በትክክል የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ወይም ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ። የመጨረሻውን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በስልክ ድምፅ ማጉያ ሬጌ የሚያዳምጥ ሰው ቤዙን ግማሽ በግማሽ በግምት ነው የሚሰማው፤ የኖታውን መጨረሻማ ጨርሶ አይሰማውም።

ክፍተቱ ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጃማይካዋ ኪንግስተን የምትጨፍርበት ስካ ፈጣን ሙዚቃ ነበር። ስካታላይትስ የተባለው የስካ ባንድ ቤዚስት ሎይድ ብሬቬት ይጫወት የነበረው ቆሞ የሚያዘውን ትልቁን ቤዝ ነው፤ በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ኖታ እያሰማ ያለ ማቋረጥ ይራመዳል። በ1966 ገደማ ፍጥነቱ ረገብ አለና ሮክስቴዲ መጣ። ፍጥነቱ ሲቀንስ በምቶቹ መካከል ሰፊ ቦታ ተከፈተ። በዚያ ጊዜ ኤሌክትሪክ ቤዝ የያዙት ተጫዋቾች ቦታውን በተጨማሪ ኖታዎች መሙላት ይችሉ ነበር፤ ግን ተዉት። አጭር ሐረግ ይጫወታሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ያንኑ ሐረግ ይደግማሉ። የሄፕቶንስ ድምፃዊና የስቱዲዮ ዋን ቤዚስት የነበረው ሌሮይ ሲብልስ፣ እንዲሁም ጃኪ ጃክሰን በዚህ መንገድ የተጫወቱት ቤዝ ራሱን የቻለ ዜማ ሆነ። በ1968 አካባቢ ሬጌ በስሙ መጠራት ሲጀምር ቤዙ የሙዚቃው መሪ ሆኖ ነበር።

ሪዲም የሚባለውም ነገር የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ የቤዝና የድራም መስመር ተቀርጾ ይቀመጥና ብዙ ድምፃውያን በየተራ የየራሳቸውን ዘፈን ይዘፍኑበታል። ድምፃዊው ይቀየራል፣ ግጥሙ ይቀየራል፣ ቤዙ ግን ያው ነው፤ አድማጭም ሪዲሙን የሚለየው በቤዙ ነው። እንግዲህ ተማሪው መያዝ ያለበት ይህን ነው፦ የሚጫወተው ሐረግ ሳይሰለች መቶ ጊዜ ሊደገም የሚችል መሆን አለበት። በኖታ የተጨናነቀ ሐረግ ይህን ፈተና አያልፍም።

አቆጣጠር

ሬጌ በሁለት መንገድ ይቆጠራል፤ አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይፈጥናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጠብ የሚነሳው ሁለት ሙዚቀኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በተለያየ አቆጣጠር ሲነጋገሩ ነው። እዚህ የምጠቀመው ፈጣኑን ነው፦ በአንድ ሜዠር (በአንድ የምት ዙር) አራት ምት፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ130 እስከ 150 ምት። በዚህ አቆጣጠር ሪትም ጊታሩ አጭርና ደረቅ ድምፁን የሚያሰማው 2 እና 4 ላይ ነው። በዋን ድሮፕ አመታት ደግሞ ቤዝ ድራሙና ስኔሩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮና በዱላ የሚመታው ደረቅ ድምፅ ያለው ከበሮ) አብረው 3 ላይ ይወድቃሉ፤ 1 ባዶ ይቀራል። በዝግተኛው አቆጣጠር የሚቆጥር መምህር ወይም ባልደረባ ካጋጠመ ፍጥነቱን ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው።

በየምቱ መካከል ያለውን ግማሽ «እና» እያልን እንቆጥራለን፦ 1 እና 2 እና 3 እና 4 እና። በአማርኛ «ሁለት»ና «አራት» ለዚህ ሥራ ይረዝማሉ፤ በ140 ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ልጥራቸው ያለ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል። «አን-ና-ሁ-ና-ሦ-ና-አ-ና» ብሎ ማሳጠር ያስኬዳል። ዋናው ነገር ቁጥሩ በድምፅ መውጣቱ ነው። በሐሳብ ብቻ የሚቆጠር ቁጥር አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ ሳይታወቅ ይጠፋል።

ከዚህ በታች ያሉት ሰንጠረዦች ሲነበቡ «—» ዝምታ ነው፤ «~» ከእሱ በፊት ያለው ኖታ ሳይቋረጥ መቀጠሉን ያሳያል። ልምምዱን በሙሉ የምናደርገው በላ ማይነር ነው፤ ብዙዎች ኤ ማይነር የሚሉት ነው። እጁ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ፍሬት ባለው ቦታ ላይ ይቀመጥ። በጣም ወፍራሙ ክር (4ኛው) ላይ 5ኛው ፍሬት ላ፣ 8ኛው ዶ ነው። 3ኛው ክር ላይ 5ኛው ሬ፣ 7ኛው ሚ። 2ኛው ክር ላይ 5ኛው ሶል፣ 7ኛው ደግሞ የላይኛው ላ። ሌላ ኖታ ለጊዜው አያስፈልግም።

ድምፁን ማስተካከል

በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ዕቃ መነካካት ልምምድን ለመሸሽ የተመቸ ሰበብ ነው። የጊታሩን የቶን ቁልፍ ወደ መዝጊያው ማዞር፣ በማጉያው ላይ ቀጭኑን ድምፅ መቀነስ፣ ሁለት ፒካፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ) ካለው ወደ አንገቱ የሚቀርበውን ማብዛት። ክሩን ከብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ ከሚያርፉበት) አጠገብ ሳይሆን አንገቱ ከሚያልቅበት አጠገብ መምታት። በዚህ ብቻ ድምፁ ክብና ወፍራም ይሆናል። ላያቸው ለስላሳ የሆኑ ክሮች ይበልጥ ይስማማሉ፤ ግን ሸካራው ክር ላይም ቢሆን ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ትንሽ ስፖንጅ ቢገባ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ ጥሩ ምትክ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መካከለኛውን ድምፅ ጨርሶ አይቀንሱት። ለብቻ ሲሰማ ደስ የሚለው ደብዛዛ ድምፅ ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲሆን ይዋጣል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ጊታሩ ይቀመጥ

ሜትሮኖሙን 70 ላይ ያድርጉት፤ አንዱ ድምፁ 1 ላይ፣ ቀጣዩ 3 ላይ እንዲያርፍ አድርገው በእጥፍ ይቁጠሩ። ይህ በፈጣኑ አቆጣጠር 140 ማለት ነው። እግር 1 እና 3ን ይርገጥ። እጅ 2 እና 4 ላይ ያጨብጭብ፤ ይህ የሪትም ጊታሩ ቦታ ነው። ይህ ያለ ችግር ሲሄድ በአፍ 3 ላይ ብቻ «ዱም» ይበሉ።

ቀላል ይመስላል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን አብዛኛው ሰው «ዱም»ን 1 ላይ ሲል ራሱን ያገኘዋል፤ ጆሮ ከባዱን ድምፅ የሜዠሩ መጀመሪያ አድርጎ መውሰድ ስለለመደ ሙዚቃው በሙሉ ይገለበጣል። ሲገለበጥ ማቆም፣ ከ1 ጀምሮ በድምፅ መቁጠር፣ እንደገና መጀመር። ይህ ልምምድ ለአምስት ደቂቃ ሳይገለበጥ ሳይቆይ ጊታር ማንሳት ትርፉ ድካም ነው፤ አፍ ያልያዘውን ምት ጣት አይይዘውም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ አንድ ኖታ፣ ሁለት ጫፍ

አሁን ጊታሩን ያንሱ። 4ኛው ክር፣ 5ኛው ፍሬት፣ ላ። የሚመታው 3 ላይ ብቻ ነው፤ 4ን አልፎ ከ4 በኋላ ያለው «እና» ላይ ጸጥ ይላል።

1 — | እና — | 2 — | እና — | 3 ላ | እና ~ | 4 ~ | እና —

ትኩረቱ ሁሉ መጨረሻዋ «እና» ላይ ይሁን። ኖታው በራሱ እየደከመ እንዲጠፋ መተው የለበትም፤ እዚያች ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ድምፅ ለማቆም ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የግራ እጅ ነው፦ ፍሬቱን የጫነው ጣት ከክሩ ሳይለቅ ጫናውን ብቻ ያላላል። ሁለተኛው የቀኝ እጅ ነው፦ ቀጣዩን ኖታ ሊመታ የተዘጋጀው ጣት ቀደም ብሎ ክሩ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው የመዳፍ ጠርዝ ብሪጁ አጠገብ ክሮቹ ላይ ተጋድሞ በአውራ ጣት መምታት ነው፤ ይህ ኖታውን ከመነሻው አጭርና የታፈነ ያደርገዋል።

የግራ እጁ መንገድ በጣም ጠቃሚ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። 5ኛው፣ 7ኛውና 12ኛው ፍሬት አካባቢ አንድ ጣት ብቻ ላላ ብሎ ክሩ ላይ ሲቀር፣ እንደ ደወል ያለ ቀጭን ድምፅ ሾልኮ ይወጣል፤ ሃርሞኒክ የሚባለው ነው። እኛ ደግሞ የምንለማመደው ልክ እዚያው ላይ ነው። መፍትሔው ጫናው በሚላላበት ቅጽበት ሌሎቹንም ጣቶች ክሩ ላይ ማጋደም ነው። ክሩ በሁለትና በሦስት ቦታ ሲነካ ደወሉ አይወጣም፤ የሚሰማው ንጹሕ ዝምታ ብቻ ነው። የሚላላው ጣትና የሚጋደሙት ጣቶች አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ትንሽ ጭረት ይሰማል፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ይለማመዱትና ልዩነቱን ያዳምጡ።

ያልተጫኑ ክሮችን በባዶአቸው መጫወት ለጊዜው ይቅር። ባዶ ክር ለማቆም ያስቸግራል፤ ከዚህም በላይ ሌላ ክር ሲመታ በራሱ ይርገበገባል። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ከሚመታው ክር በላይ ያለው ወፍራም ክር ላይ አርፎ ይቀመጥ፤ ያኔ ያ ክር ዝም ይላል።

ይህ ሲጠና የኖታውን ርዝመት ብቻ ይለዋውጡ። መጀመሪያ ከ3 እስከ «እና» ብቻ፤ ከዚያ እስከ 4፤ ከዚያ እስከ ሜዠሩ መጨረሻ። አንዱ ኖታ፣ አንዱ ምት፣ ሦስት የተለያዩ ስሜቶች። አጭሩ ይዘላል፣ ረጅሙ ይጎትታል፣ መካከለኛው ይቀመጣል። ከሌላው ልምምድ ሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ተማሪ ግን ስለማያጓጓ ዘሎት ያልፋል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ባዶው አንድ

የዋን ድሮፕ መለያ 1 ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ይህን አመታት በቦብ ማርሌይና ዌይለርስ ሥራዎች ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት ድራመሩ ካርልተን ባሬትና ታላቅ ወንድሙ ቤዚስቱ አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት (1946–2024) ናቸው። ቤዚስት ሁልጊዜ 1ን መዝለል አለበት ማለት ግን አይደለም፤ 1 ላይ የሚጀምሩ ብዙ የታወቁ መስመሮች አሉ። ልምምዱ ግን ከመዝለል ይጀምር፤ መዝለል የቻለ ሰው 1ን ሲመታው ፈልጎ ይመታዋል፤ ያልቻለው ስለለመደው ብቻ ይመታዋል።

ሁለት ሜዠር የሚወስድ ሐረግ ይኸውና፦

የመጀመሪያው ሜዠር፦ 1 — | እና — | 2 ላ | እና ላ | 3 ላ | እና ~ | 4 — | እና —
ሁለተኛው ሜዠር፦ 1 — | እና — | 2 ሚ | እና ሬ | 3 ዶ | እና — | 4 ላ | እና —

በመጀመሪያው ሜዠር ሦስቱ ላዎች እኩል አይደሉም። ሁለቱ አጫጭሮች ወደ ሦስተኛው የሚያደርሱ ናቸው፤ ክብደቱ 3 ላይ ከቤዝ ድራሙ ጋር ይውደቅ። ሁለተኛው ሜዠር ወደ ታች ይወርዳል፤ 4 ላይ ያለው ላ አጭር ይሁንና ወዲያው ይቆረጥ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው 1 ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው።

ስህተት የሚበዛው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። እጅ ዝም ሲል ጊዜው የረዘመ ይመስለዋልና ቀጣዩን ላ ቀድሞ ይመታል። መድኃኒቱ 1 ላይ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው፤ እግር ይርገጥ ወይም ራስ ዝቅ ይበል። ዝምታውም እንደ ኖታው ሁሉ ቦታው ተቆጥሮ መያዝ አለበት። መጀመሪያ ሜትሮኖሙን 50 ላይ አድርገው (በእጥፍ 100) ይጀምሩ፤ ሳይሳሳቱ ለረጅም ጊዜ መደጋገም ሲቻል ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ እስከ 70 ይውጡ።

ከዚያ ከባዱ ፈተና ይመጣል። ሜትሮኖሙን 35 ላይ ያድርጉትና ድምፁ 3 ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያስቡ፤ በአንድ ሜዠር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል ማለት ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ መሸከም የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው። ሐረጉ እዚህ ላይ ሳይናጋ ከቆየ በእርግጥ ተይዟል።

አራተኛው ደረጃ፦ ሮከርስ

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኪንግስተን ውስጥ ድራመሩ ስላይ ደንባርና ቤዚስቱ ሮቢ ሼክስፒር (1953–2021) ሙዚቃውን ወደ ፊት የሚገፋ አመታት ይዘው ብቅ አሉ። ሮከርስ ተባለ። ቤዝ ድራሙ 1ን ባዶ አይተወውም፤ ግፊቱ በሜዠሩ ሁሉ ይዘልቃል። ቤዙም መሬት ይረግጣል፤ ግን ወዲያው ከ1 በኋላ ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ሜዠር፦ 1 ላ | እና — | 2 — | እና ላ | 3 ዶ | እና — | 4 ሬ | እና —
ሁለተኛው ሜዠር፦ 1 ላ | እና — | 2 — | እና ላ | 3 ሶል | እና — | 4 ሚ | እና —

ቁልፉ ከ2 በኋላ ያለችው «እና» ናት። ሪትም ጊታሩ 2 ላይ ቆርጦ እንዳለፈ ቤዙ ወዲያው ከኋላው ይገባል፤ ሁለቱ አይደራረቡም። 1 ላይ ያለው ላ እስከ 2 ከተጎተተ የጊታሩን ቦታ ይሸፍንበታል፤ ሙዚቃውም ይድፈነፈናል። ስለዚህ 1 ላይ ጠንካራ፣ ግን አጭር። ይህን ሐረግ ከአፍ ጋር መለማመድ ጥሩ ነው፦ ጣት ቤዙን ሲጫወት አፍ 2 እና 4 ላይ «ቻ» ይበል። 4 ላይ ቤዙና «ቻ» አብረው ይወድቃሉ፤ 2 ላይ ግን «ቻ» ብቻውን ነው።

አምስተኛው ደረጃ፦ ስቴፐርስ

እዚህ ቤዝ ድራሙ አራቱንም ምት ይመታል፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ ያለ ማቋረጥ። በ1977 የወጣው የዌይለርስ «ኤክሶደስ» ለዚህ የተለመደው ምሳሌ ነው። ድራሙ ግፊቱን በሙሉ ስለሚሸከም ቤዚስቱ ሁለት ምርጫ አለው፦ አብሮ መግፋት ወይም ከድራሙ በላይ ሰፊ ዝምታ መክፈት። ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ሜዠር፦ 1 ላ | እና — | 2 ላ | እና — | 3 ዶ | እና ላ | 4 — | እና —
ሁለተኛው ሜዠር፦ 1 — | እና — | 2 — | እና — | 3 ሚ | እና ሬ | 4 ዶ | እና —

ከመጀመሪያው ሜዠር 4 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው 3 ድረስ ሦስት ሙሉ ምት ዝምታ አለ። ጀማሪ ይህን ጊዜ በተንሸራታች ኖታ ወይም በጌጥ ለመሙላት ይቸኩላል። አይሙሉት። ከባድ ድራም ብቻውን ሲረግጥ ቆይቶ ቤዙ ሲመለስ የሚሰማው ኃይል የሚመጣው ከዚያ ዝምታ ነው። ኪንግ ታቢን የመሰሉ የደብ (የተቀረጸ ሬጌን መልሶ በማደባለቅ የሚሠራ ሙዚቃ) መሐንዲሶች ቀድሞ የተቀረጸውን ቤዝ በማደባለቂያው ላይ እያጠፉና እያበሩ ይሠሩ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ተጫዋቹ በጣቱ ሊሠራው ይችላል።

የተንሻፈፈው «እና»

እስካሁን «እና» በሁለት ምት መካከል እኩል ቦታ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብዙ የሬጌ ሥራዎች ላይ ግን አትቀመጥም። ሃይሃቱን (ከድራሙ ጋር ያሉትን ጥንድ ጸናጽል) ያዳምጡ፤ ምቱን ለሦስት ከፍሎ የሚሄድ ከሆነ «እና» ከሦስቱ የመጨረሻው ላይ ታርፋለች፤ ማለትም ትንሽ ትዘገያለች። ቤዙ ከሃይሃቱ ጋር ካልተስማማ፣ ቀጥ ያለ «እና» ከተንሻፈፈው ጋር ሲጋጭ አጨዋወቱ ያነክሳል። ከማንኛውም ቀረጻ ጋር ከመጫወት በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ሃይሃቱ ለሁለት ነው የሚከፍለው ወይስ ለሦስት?

ለሦስት መክፈልን ለመልመድ የባዶውን አንድ ሐረግ ሁለተኛ ሜዠር ይውሰዱና 2 ላይ ሦስት እኩል ኖታ ያስገቡ፦ ሚ-ሬ-ዶ፣ ከዚያ 3 ላይ ላ። በአፍ «ታ-ታ-ታ-ዱም» ነው። ሦስቱ በፍጹም እኩል ይሁኑ። ሁለቱን አፍጥኖ አንዱን ማስረዘም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሲቀረጽ ቶሎ ይጋለጣል። ይህን ጌጥ ግን በቁጠባ ይጠቀሙበት፤ በየሁለት ሜዠሩ ከመጣ ጌጥነቱ ቀርቶ ሐረጉን ያበላሻል።

እዚህ ላይ ስለ ማዘግየት አንድ ነገር። «የሬጌ ቤዝ ከምቱ ኋላ ቀረት ብሎ ነው የሚጫወተው» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። እውነትነት አለው፤ ግን ለጀማሪ ጎጂ ምክር ነው። ኋላ መቅረት ማለት ከምቱ ያለውን ርቀት ሳይለውጡ በእያንዳንዱ ኖታ ላይ መጠበቅ ነው፤ ጀማሪው የሚያደርገው ግን ቀስ በቀስ ፍጥነት መቀነስ ነው። በመጀመሪያ ልክ ምቱ ላይ፣ ልክ ከቤዝ ድራሙ ጋር መውደቅን ይማሩ። የመዝናናቱ ስሜት የሚመጣው ከኖታው መነሻ ይልቅ ከኖታው ርዝመት ነው።

ኮርዱ ሲቀየር

ብዙ የሬጌ ሥራዎች በሁለት ኮርድ ብቻ ይዘልቃሉ። ከላ ማይነር ወደ ሶል ሜጀር እንሂድ። የባዶውን አንድ ምት ሳንነካ ኖታዎቹን ብቻ እንቀይራለን፦

የመጀመሪያው ሜዠር፦ 1 — | እና — | 2 ሶል | እና ሶል | 3 ሶል | እና ~ | 4 — | እና —
ሁለተኛው ሜዠር፦ 1 — | እና — | 2 ሬ | እና ዶ | 3 ሲ | እና — | 4 ሶል | እና —

ዝቅተኛው ሶል 4ኛው ክር ላይ 3ኛው ፍሬት ነው። ሬ፣ ዶና ሲ ሦስተኛው ክር ላይ በቅደም ተከተል 5ኛው፣ 3ኛውና 2ኛው ፍሬት ላይ ይገኛሉ። እጁ ከላ ወደ ሶል የሚወርደው በባዶው 1 ላይ ነው፤ ዝምታው ለመንቀሳቀሻም ያገለግላል። እጁ ሲንሸራተት ክሩ የሚያወጣው ፉጨት እንዳይሰማ ጣቶቹን ከማንቀሳቀስ በፊት ጫናውን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ይገባል።

አዲሱ ኮርድ 1 ላይ ሲገባ ቤዙ ዝም ብሎ 2 ላይ ብቻ መድረሱ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስህተት አይደለም። ኪቦርዱና ጊታሩ ኮርዱን ያሰማሉ፤ ቤዙ ዘግይቶ ያጸናዋል። ሁለቱን ኮርዶች እያፈራረቁ ለአሥር ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጫወቱ። አሥር ደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጅ ይሠራል፣ ከዚያ ሐሳብ ይሰለቻል፣ ጌጥ መጨመር ያምራል። ያንን ፍላጎት አልፎ ያንኑ ሐረግ በእኩል ርዝመት መቀጠል የሬጌ ቤዚስት ዋና ችሎታው ነው።

መቅዳትና መልሶ ማዳመጥ

የራስን አጨዋወት ከሜትሮኖሙ ጋር ይቅዱና መልሰው ያዳምጡ፤ በመጀመሪያው ማዳመጥ መነሻዎቹን ብቻ፣ በሁለተኛው መቆሚያዎቹን ብቻ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመፍረድ የሚሞክር ጆሮ አንዱንም አይሰማም። በተለይ በሁለቱ ሜዠሮች ድግግሞሽ መካከል የኖታው ርዝመት እየተለዋወጠ እንደሆነ ያጣሩ፤ አንድ ጊዜ እስከ 4፣ ሌላ ጊዜ እስከ 4 አጋማሽ የሚሄድ ላ ካለ ገና አልተጠናም። ከሰው ጋር ለመጫወት ዕድል ካለ በመጀመሪያ ከድራመሩ ጋር ብቻ ይሁን፤ ጊታርም ኪቦርድም ሳይኖር።

ከቀረጻ ላይ መስመር ማውጣት

ጥቂት ሐረጎች ከተያዙ በኋላ ትልቁ መምህር ቀረጻው ነው። የተጻፈ ታብ (ክሩንና ፍሬቱን በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) ማግኘት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ፍሬቱን ይነግራሉ እንጂ የኖታውን መቆሚያ አይነግሩም። ስለዚህ ራስዎ ያውጡት፤ ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን። መጀመሪያ ሪትም ጊታሩን ፈልገው እጅዎን ከእሱ ጋር ያጨብጭቡ፤ 2 እና 4 ይታወቃሉ። ከዚያ ቤዝ ድራሙ 3 ላይ ብቻ ነው፣ 1ንም ይጨምራል፣ ወይስ አራቱንም ይመታል የሚለውን ይለዩ። ቀጥሎ ቤዙን ጊታር ሳይነኩ በአፍ ያንጎራጉሩት፤ ኖታው ባይገኝም ምቱ ብቻ ይበቃል። ስምንት ስምንት ክፍል ያላቸው ሁለት መስመሮች ወረቀት ላይ ያስምሩና ድምፅ የሚነሳባቸውን ክፍሎች ምልክት ያድርጉባቸው። ሐረጉ በሁለት ሜዠር ካልተመለሰ አራት መስመር ያስምሩ።

ጊታሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ምት በአንድ ኖታ ብቻ፣ በኮርዱ መሠረት ላይ፣ ከቀረጻው ጋር ይጫወቱት። ከቀረጻው ጋር ከተዋሃደ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ይተኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የኮርዱ መሠረት፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ሆነው ይገኛሉ። በመጨረሻም ወደ ወረቀቱ ይመለሱና በሌላ ቀለም እያንዳንዱ ኖታ የት ላይ እንደሚቆረጥ ምልክት ያድርጉ። ይህን ለመስማት ቀረጻውን ወደ ግማሽ ፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ መተግበሪያ ይረዳል፤ በዝግታ ሲሄድ የዝምታው መነሻ ጥርት ብሎ ይሰማል።